ወገቤ ሰባ ስምንት ነው

ጥቅምት 4

ከትምህርት ቤት ስገባ እማዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ "ነይ ልለካሽ" አለችኝ። የእህቴ ሠርግ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሚዜ ነኝ። ሜትሩን ወገቤ ላይ አዞረች። ሰባ ስምንት። ደብተሯ ላይ ግን ሰባ ብላ ጻፈች።

"እማዬ፣ ተሳስተሻል።"

"አልተሳሳትኩም። እስከዚያ ትቀንሻለሽ።"

ማን ጠየቀኝ?

ጥቅምት 11

እሺ... ምን ላድርግ። እራት ተውኩ። ክፍላችን ውስጥ ግማሾቹ ሴቶች ምሳ አይበሉም። ውሃ ጠጥተው "ጠገብኩ" ይላሉ። የጠገበ ሰው እንዲህ ይነጫነጫል እንዴ? እኔም ተቀላቀልኳቸው። ሂሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ሆዴ ሲጮህ መምህሩ ሳይቀር ዞሮ አየ።

ጥቅምት 19

ደረጃ ላይ ዓይኔ ጨለመብኝ... ወደቅኩ። ጉልበቴ ተላጠ። የትምህርት ቤቱ ነርስ "ዛሬ ምን በላሽ?" ስትለኝ ዋሸኋት። ለአንድ ቀሚስ ብዬ! ቆሽቴ አረረ። ቤት ገብቼ ድስት ውስጥ የተረፈውን ሩዝ ጠራርጌ በላሁ።

ጥቅምት 20

ለእህቴ ነገርኳት። "አንቺም ታበዢዋለሽ፣ የአንድ ቀን ነገር እኮ ነው" አለች። የሷ በልኳ ተሰፍቷላ!

ጥቅምት 26

እማዬ ክርና ቁልፍ ልትገዛ ወጣች። በሰባ የሰፋችልኝን ቀሚስ አውርጄ የጎኑን ስፌት ተረተርኩት። ጨርቅ ባይተርፍስ? ውስጥ የታጠፈው... በየጎኑ ሦስት ጣት! ለደንበኛ ከአንድ ጣት በላይ ትታ አታውቅም። አስፍቼ ሰፋሁት።

ስትመለስ ለብሼው ቆሜ ጠበቅኳት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ሰባ ስምንት ነኝ። ካልሆነ ሌላ ሚዜ ፈልጉ" አልኳት።

ጎንበስ ብላ የጎኑን ስፌት በጣቷ ዳበሰች።

"ይሄን ሁሉ ጨርቅ ለምን ተውሽ ታዲያ?" አልኳት።

"ካልቀነስሽስ ብዬ ነዋ!"

እያወቀች አስራበችኝ ማለት ነው። ልሳቅ ወይስ ልናደድ? ሁለቱንም አደረግኩ። "ዚፑን አጣምመሽዋል፣ አውልቂው ላስተካክለው" አለች። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ።

ኅዳር 10

ትናንት ሠርጉ ነበር። ሁለቴ ተነስቼ በላሁ። እግሬ እስኪያብጥ ጨፈርኩ።

ኅዳር 22

አንዲት ደንበኛ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ አሥራ አራት ቢሆናት ነው። እማዬ ለካቻት። ሰማንያ አንድ።

"ሰባ አምስት አድርጊላት፣ ትቀንሳለች" አለች ሴትዮዋ። ልጅቷ ጫማዋን ታያለች።

ልናገር አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ።

"እህቴ፣ እኔ የምሰፋው ዛሬ ለለካሁት ገላ ነው። ልጅቷን አታስርቢያት።"

ሴትዮዋ እያጉረመረመች ጨርቋን ሰብስባ ወጣች። ልጅቷ ግን በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ እማዬን አየቻት።

"በአንቺ ጦስ ደንበኛ አባረርኩ!" ብላ እማዬ ጮኸችብኝ።

ጩኸቷን ወደድኩት።