የጃንጥላ ሽቦ ሐዲድ

መቱ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1945 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጎንፋ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንደከረምክ በቅሎ ጫኙ ነዚፍ ነግሮኛል። ጋምቤላ ወንዝ ዳር የጨው ጆንያ ተሸክመህ ከመርከብ ስትወርድ አይቶህ መጀመሪያ አንተ አልመሰልከውም። ወባ ይዞህ እንደነበር፣ ባለቤትህ ዲንቄም ከነልጆቿ አንዲት የሣር ጎጆ ውስጥ እንደተጠጋች ነገረኝ። ይህን ከሰማሁ ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ ነው።

ደብዳቤውን የሚያነብልህም ያው ነዚፍ ነው። ነገ በቅሎዎቹን ጭኖ ይወርዳል። እኔ የተማርኩት በአማርኛ ስለሆነ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ እሱ በኦሮምኛ ይነግርሃል። ነዚፍ፣ አደራህን፣ አፍረህልኝ የምትዘለው ቃል እንዳይኖር። ጎንፋ ተቆጥቶ ከተነሣም ተከትለኸው አንብብለት።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ጎንፋ፣ ሁሩሙ ላይ ባቡር አይመጣም። አዲስ አበባ ያለ ማንም ሹም አላሰበውም፤ ማንም አልለካውም። መሬትህን ማንም አልፈለገውም ነበር። ያን የባቡር መንገድ ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ እዚሁ ቤቴ ውስጥ፣ በአሮጌ የበር ሳንቃ ላይ።

ሲጀመር ጨዋታ እንደነበር ታውቃለህ። ባለቤቴ አበባየሁ ከሞተችብኝ በኋላ ቅዳሜና እሑድ አልገፋ ቢለኝ፣ የቤቱን የኋላ በር ነቅዬ በአራት ጉቶ ላይ አጋደምኩት። መቱ ውስጥ ዝናብም የተሰበረ ጃንጥላም ጠፍቶ አያውቅም፤ ሽቦውን እየነቀልኩ ሐዲድ አደረግሁት። ቀርከሃ ሰንጥቄ ከሥሩ ረበረብኩ። ከክብሪት ቤት ፉርጎ ሠራሁ፤ ጎማው የሸሚዝ ቁልፍ ነው። ራሱ ባቡሩ የወተት ቆርቆሮ ሆኖ በክር የሚጎተት ነበር። ተራራውን በጭቃና በቡና ገለባ ደለደልኩ፤ ጫካው ከእርጥብ ግንድ ላይ የተላጠ አረንጓዴ የዛፍ ሽበት ነው። አንተ ከገበያ ስትመለስ ጎራ ብለህ፣ ጋቢህን ሳታወልቅ ቆመህ ስታይ ቆየህና «ሰው የሌለበት ባቡር ምን ያደርጋል?» አልከኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰም ይዘህ መጣህ። ትንንሽ ሰዎች ጠፍጥፈህ ፉርጎው ውስጥ አስቀመጥካቸው። ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ሁሉም እንደ ሰካራም ወደ አንድ ወገን ዘመም ይሉ ነበር፤ እንዴት አድርገን እንደሳቅን! ከቀብሩ ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። አልነገርኩህም እንጂ ያን ቀን ከሞት ነው የመለስከኝ።

ጣቢያዎቹን በደሌ፣ ያዮ፣ ሁሩሙ፣ መቱ፣ ጎሬ ብዬ ደረደርኳቸው። የገባ ወንዝን ድልድይ ሁለት ጊዜ ሠርቼ ሁለት ጊዜ ፈረሰብኝ። ሁሩሙ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ሐዲዱ ከኮረብታው ሥር መጠምዘዝ ነበረበት፤ የጃንጥላ ሽቦ ግን አይጠመዘዝም፤ ሲያጎብጡት ቀጭ ይላል። ሦስት ሽቦ ከሰበርኩ በኋላ ተናድጄ ቀጥ አድርጌ በኮረብታው ላይ አሳለፍኩት። ኮረብታው ያንተ ነው፤ ቡናህና አሥራ አንድ ቀፎ የተሰቀለበት ዋንዛ ያሉበት። ጣቢያውንም እዚያው ተከልኩት፤ ሳንቃው እዚያ ጋ ስለሚሰፋ። ጎንፋ፣ ርስትህን ያጠፋው ይኸው ነው። ሽቦ አልታጠፍ ብሎኝ ነው።

የቀረውን ያጠፋው ቀይ ቀለም ነው። የጣቢያዎቹን ስም በጸሐፊነት ከምሠራበት ቢሮ ባመጣሁት ቀይ ቀለም፣ ለአገረ ገዢው ደብዳቤ በምጽፍበት የእጅ ጽሕፈት ጻፍኳቸው። እንዲያምር ብዬ ነው። ጋሼ ሸምሰዲን፣ ቡና ነጋዴው፣ ማመልከቻ ላስጽፍ ብለው ቤቴ ሲመጡ ያን አዩ። ትልቅ ሰው፣ ከበቅሏቸው የማይወርዱት ሰውዬ፣ ጎንበስ ብለው «ጣቢያው ሁሩሙ ላይ ነው እንዴ አቶ መገርሳ?» አሉኝ። «ጭነቱ የሚነሣው ከዚያ ነው» አልኳቸው። ስለ ጨዋታዬ ነበር የማወራው፤ እሳቸው ግን ሌላ ነው የሰሙት። ሲወጡ ሁለት ጊዜ እጅ ነሡኝ።

አሁን ወደዚያች የየካቲት ቅዳሜ ልምጣ። ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የማር ሸክምህን ሳታወርድ ገባህ። እኔ ለባቡሩ ክር እየቋጠርኩ ነበር። ጣትህን ኮረብታው ላይ አሳረፍክ።

«መገርሳ፣ ይሄ የኔ ቦታ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ባቡሩ በዚህ ነው የሚያልፈው?»

«በዚህ ነው።»

«ዋንዛውስ?»

«ዋንዛ ሐዲድ ላይ አይቆምም» አልኩህ፤ አሁንም ቀና አላልኩም፤ እየቀለድኩ ነው።

ቀና ብዬ ሳይህ ኮረብታውን በሙሉ መዳፍህ ሸፍነሃል። «ማሎ ኦቦሌሳ ኮ» አልከኝ፣ እባክህ ወንድሜ፣ «እውነቱን ንገረኝ።»

ገባኝ። ጎንፋ፣ ያን ጊዜ ገብቶኛል! ቀዩን የቢሮ ጽሕፈት አይተህ በነገሩ የምር እንዳመንክ ከዓይንህ አነበብኩ። አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃው፤ «ሞኝ፣ ጨዋታ ነው እኮ» ብል ተሳስቀን ማርህን ቀምሰን በተለያየን። እኔ ግን ምን አልኩህ? ልክ እንደ አለቃዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ነገሩ ገና ምስጢር ነው፤ ከኔ ሰማሁ እንዳትል» አልኩህ።

ለምን እንደሆነ ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ መሰለህ። ክፉ አስቤብህ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቃል የምገለብጥ ጸሐፊ ነኝ፤ የኔን ቃል የፈራ ሰው አይቼ አላውቅም። ያን ቀን አየሁና ጣፈጠኝ። ሌላም ልጨምርልህ። ድሬዳዋ የጣቢያ ሹም ረዳት ነበርኩ ያልኩህ ውሸት ነው። ፉርጎ ጠራጊ ነበርኩ። አንድም ቀን ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ከከተማው ወጥቼ አላውቅም። በገዛ ጓደኛዬ ፊት ትልቅ ሰው መምሰል አማረኝ፤ ይኸው ነው።

ከዚያ ያደረግኸውን አንድ የሁሩሙ ሰው ብቻ ነው የሚያደርገው። ለማንም አላወራህም፤ «ከኔ ሰማሁ እንዳትል» ብዬሃለሁና ቃሌን ጠበቅክልኝ። መንግሥት በነፃ ሳይወስድብኝ ብለህ ለጋሼ ሸምሰዲን ሸጥክ። እሳቸውም ከጣቢያው ጎን የቡና መጋዘን ልሥራ ብለው ገዙት። ሁለታችሁም በኔ ሳንቃ ላይ ተገበያያችሁ፤ አንተ ለሰጠኸኝ ቃል ስትል፣ እሳቸው የመንግሥት ምስጢር መስሏቸው፣ ምክንያታችሁን አልተነጋገራችሁም። ሚያዝያ ላይ ጓዛችሁን ጭናችሁ ወደ ጋምቤላ በደጄ ስታልፉ ዲንቄ ፊቷን ያዞረችብኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር ብል ደስ ባለኝ። ገብቶኛል። መስኮቱን ዘጋሁት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደ። «ነገ እነግራቸዋለሁ» እያልኩ ስድስት ወር ሄደ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ። ነዚፍ መጥቶ ያየውን ሲነግረኝ ግን ቆሜ መቆየት አልቻልኩም። በዚያው ቀን ጋሼ ሸምሰዲን ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ «ባቡር የለም፤ መጫወቻ ነው፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት» አልኳቸው።

ብድግ አደረጉኝና ሳቁ። «አቶ መገርሳ፣ እርስዎ የመንግሥት ሰው ነዎት። ምስጢር ቢያመልጥዎ መሸፈን ግዴታዎ ነው፤ አልቀየምዎትም። ቦታውን ለራስዎ አስበውት ከሆነ ግን ደርሼብዎታለሁ።»

ብምልላቸውም አላመኑኝም። ያለፈው ቅዳሜ ሁለት ተሸካሚ ቀጥሬ ሳንቃውን ከነተራራው ገበያ መካከል አወጣሁት። በሁለቱም ቋንቋ ጮህኩ። «እዩት፣ የወተት ቆርቆሮ ነው! የጃንጥላ ሽቦ ነው!» እያልኩ በመጥረቢያ ጀርባ ሰባበርኩት። አንተ የሠራሃቸውን የሰም ሰዎች ጭቃ ውስጥ ረገጥኳቸው። ይቅር በለኝ፤ እነሱን እንኳ ማትረፍ ነበረብኝ። ከዚያ ጨው የምትሸጠዋ ሻሽቱ፣ «ወይ ጉድ፣ ከላይ ትእዛዝ ወርዶበት ነው!» አለች። በቃ። እሑድ ስነሣ ደጄ ላይ ሦስት ገበሬ ቆሟል። አንዱ ማር ይዞ ሐዲዱን ከአያቱ መቃብር እንዳርቅለት፣ ሌላው በግ ይዞ ወደ እሱ እንዳቀርብለት። ሦስተኛው ምን እንደፈለገ አልጠየቅሁትም። ሁሉንም አባረርኳቸው። ያመጡት ያነሰኝ መስሏቸው ጨምረው ተመለሱ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ለአለቃዬም ራሴ ተናገርኩ። በመንግሥት ስም አውርተሃል ተብዬ ከሥራ ታገድኩ፤ ተገቢ ነው። ይህም ግን ለሰዉ ማስረጃ ሆነው፤ «ምስጢር ስላወጣ ተባረረ» ይላሉ።

የቀረኝ አንድ መንገድ ነው፤ ሽማግሌ። ትናንት ሦስት ሽማግሌዎች ጋሼ ሸምሰዲንን ይዘው ሰሙኝ። ትልቁ እንዲህ አሉ፦ «ሻጭ በሌለበት ሽያጭ አይፈርስም። ሻጩ ይምጣ፤ በምን ልብ እንደሸጠ በገዛ አፉ ይናገር፤ አንተም ፊት ለፊቱ ማል።» ጋሼ ሸምሰዲን ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሳቸውም እንዲህ አሉ፦ «ጎንፋ ዓይኔን እያየ መገርሳ ባቡር ብሎ አታለለኝ ካለ፣ የሰጠሁትን ተቀብዬ እለቃለሁ። እሱ ውሸት አያውቅም። እስከ መስቀል እታገሣለሁ፤ ከመስቀል በኋላ ግን አናጢዎቹ ይጠብቁኛል።» መስቀል እሑድ ይውላል። በማግስቱ ሰኞ ጠዋት መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ኮረብታህ ላይ ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ዋንዛውን፣ ቀጥሎ ቡናውን። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ቢፈርድልህ የሚመልሱልህ ጉቶ ነው።

ስለዚህ ና። ስለሚመለሰው ገንዘብ አታስብ፤ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ፤ ቤቱን ሽጬም ቢሆን። ነዚፍ አንዲት በቅሎ ለዲንቄና ለልጆቹ ይሰጣል፤ ተነጋግረናል። ልታናግረኝ ባትፈልግ አታናግረኝ። ሽማግሌዎቹ ፊት ስትቆም ሳትራራ ተናገር፤ የሰደብከኝ እንደሆነ ስድብህ እውነት ነው ብዬ እመሰክራለሁ። ይቅርታህን አሁን አልጠይቅም። እሱን ለመጠየቅ መጀመሪያ ርስትህ ላይ ቆመህ ማየት አለብኝ።

ራሴ መጥቼ ላመጣህ አስቤ ነበር። ነገር ግን እኔ ከሄድኩ እዚህ የሚከራከርልህ የለም። ሰኞ ከመንጋቱ በፊት ዋንዛው ሥር እገኛለሁ። ጀርባዬን ለግንዱ ሰጥቼ እቆማለሁ። በመጀመሪያው ቀን ያፍሩኛል፤ ዕድሜ ለማመልከቻ፣ ለግማሾቹ እኔ ነኝ የጻፍኩላቸው። በሁለተኛው ቀን አብዷል ብለው ተሸክመው ያወርዱኛል። ከዚያ በላይ አቅም የለኝም። ነዚፍ እንዳለው ከጋምቤላ እዚህ በቅሎ ባይዘገይ ስምንት ቀን ነው፤ ይህ በደረሰህ ማግስት ብትነሣ ትደርሳለህ። ጎንፋ፣ እግርህን ልሳም፣ አትዘግይ።

ውሸቴን አገር ሁሉ አመነልኝ። ለእውነቴ ግን አንድ ሰው አጣሁ። አንተ ካላመንከኝ ማንም አያምነኝም። አንድ ጊዜ ደግመህ እመነኝና ና።

የበደለህ ወንድምህ
መገርሳ ዶሪ