ኤሊ ቶሎ አትሞቅም

ኅዳር 2

ቅዳሜ ቢሆንም የፊዚክስ ፈተና ነበር። ደህና ሠርቻለሁ... መሰለኝ። ሲያልቅ ዝናብ ስለነበር አባባ በኤሊ ሊወስደኝ መጣ።

ኤሊ መኪናችን ናት። ከኋላ አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛ አላት። ቤቷን ተሸክማ ስለምትሄድ ስሟን ያወጣላት ወንድሜ ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትቆም ልጆቹ "ቤታችሁ መጣ!" አሉኝ። እንደ ሁልጊዜው። ጋቢና ገብቼ አንገቴን ቀበርኩ።

ማሞቂያው እስከ ጥግ ተከፍቶ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ነው። የፊት መስታወቱን ትንፋሻችን ሸፈነው። አባባ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው በካልሲ ይወለውላል። አዎ፣ በካልሲ። የታጠበ ነው ይላል። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል ከዳሽቦርዱ ሞቅ ያለ ነገር መምጣት ጀመረ።

"ይኸውልህ" አለ አባባ። "ሥራው ካለቀ በኋላ ከች የሚል ሠራተኛ።"

ሳቅኩ። ከዚያ የተቀመጥኩት የወንድሜ ወንበር ላይ መሆኑ ትዝ አለኝ። ሳቄን የት ላድርገው?

ኅዳር 4

ሐውልቱ አልቋል ተብሎ ተደወለ። በወሩ መጨረሻ አካባቢ ይቆማል። ወንድሜ የተቀበረው እማዬ የተወለደችበት፣ ከተራራው ወዲያ ነው። ግማሽ ቀን መንገድ።

"እሄዳለሁ" አለች እማዬ።

ከቀብሩ ወዲህ ከሰፈር ወጥታ አታውቅም። አባባ ሹካውን አስቀመጠ። "በዚህ ብርድ? ጉልበትሽስ?"

ጉልበቷን ብርድ ከነካው ለቀናት አያስነሳትም። በአውቶቡስ እንዳትሄድ እግሯን መዘርጋት አለባት። የምትሆናት ኤሊ ብቻ ናት፤ ኤሊ ደግሞ...

"እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ።

"ምኑን?"

"ማሞቂያውን። ወንድሜ ሲሠራ አይቻለሁ። አውቀዋለሁ።"

የአባባ ፊት እንዴት እንደበራ! "እውነቱን እኮ ነው" አላት። "ለወንድሙ የእጅ ባትሪ ይይዝለት የነበረው እሱ አይደል?" እማዬም ቀና ብላ አየችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ኅዳር 5

አዎ፣ ባትሪ እይዝለት ነበር። በግራ እጄ። በቀኝ እጄ ስልክ። ዓይኔ ስልኩ ላይ። "አንተ! ብርሃኑን እኔ ላይ አድርገው፤ ጣሪያው አልታመመም!" ይለኝ ነበር። ምን እየሠራህ ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም። ሁልጊዜ ልጠይቀው የምችል መስሎኝ ነበራ። ሆስፒታል ሲገባ እንኳ ቶሎ ይወጣል ነው ያሉን።

ምኑን ነው የማውቀው?

ኅዳር 9

ቅዳሜ። ኮፈኑን ከፍቼ ዋልኩ። የራዲያተሩ ውኃ ሙሉ ነው። ማራገቢያው ይሠራል፤ የጠፋው ነፋሱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ።

ከዚያ ቪዲዮ አየሁ። አንዱ ሰውዬ "ቴርሞስታቱ ነው" አለ። ቴርሞስታት የሚሉት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚይዝ ትንሽ በር ነው። አባባ ሄዶ አዲስ ይዞልኝ መጣ። በሁለት እጁ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው።

እህቴ መሀል እየገባች አስቸገረችኝ። ትምህርት ገና መጀመሯ ነው፤ ወንድሜን "ትልቄ"፣ እኔን "ትንሼ" ነው የምትለን።

"ትንሼ፣ አልጋህ እኮ ይሞቃል።"

"ሂጂ ከዚህ።"

"ኤሊ ውስጥ ያለው። ስንሄድ እተኛበት የለ? ይሞቃል።"

"ስለተኛሽበት ነዋ! ሂጂ አልኩሽ!"

አኩርፋ ሄደች። እኔ ቴርሞስታቱን ይዤ ቀረሁ። ሁለት ፊት አለው። የትኛው ነው ወደ ውስጥ የሚገባው? አሮጌውን ሳወጣ አላስተዋልኩም። ማንን ልጠይቅ? አውቃለሁ ብያለሁ። እንደመጣልኝ አስገባሁትና ብሎኖቹን ባለ በሌለ ጉልበቴ አጠበቅሁ።

ኅዳር 10

ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ለሙከራ ሁላችንም ወጣን። እማዬ ከአባባ ጎን፣ እኔና እህቴ ከኋላ ጠረጴዛው ጋ። ዋናው መንገድ ላይ እንደወጣን የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተወረወረ። ከኮፈኑ እንፋሎት ተነሳ። አባባ ዳር ያዘ። ከኋላችን ያሉት ጥሩምባቸውን ለቀቁት። እህቴ "ኤሊ ልትፈላ ነው!" ብላ አጨበጨበች።

ጎረቤታችን ጋሽ ብሎን ተጠርቶ መጣ። ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፤ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው፣ እሱም ይወደዋል። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ፈታውና ቴርሞስታቱን አወጣው።

"ማነው ይሄን የገለበጠው? ጀርባውን ለፊቱ አድርጎ! ሞተሩን በቁሙ ሊቀቅለው ነበር እኮ!"

እኔ... አፌ ቀደመኝ።

"ወንድሜ ነው። ድሮም የነካካው እሱ ነው። ብዙ ነገር አበላሽቶ ነው የ..."

አልጨረስኩትም። ጋሽ ብሎን እጁ ላይ ያለውን አየ። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ። ከዚያ እኔን አየኝ። አባባ መንገዱን አየ። ገዝቶ ያመጣው እሱ ነው እኮ! የእማዬ መስኮት ክፍት ነበር። ሰምታለች።

ማንም "ውሸታም" አላለኝም። ቢሉኝ ምናለበት?

ጋሽ ብሎን አዙሮ ገጠመው። ሞተሩ ደህና ሆነ። ማሞቂያው ግን ያው፣ ቀርፋፋ። "ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለችው ትንሿ ራዲያተር ተደፍና ይሆናል" አለ። "እሷን ለማውጣት ፊቱን በሙሉ ማውረድ ነው። ለመንገዳችሁ አይደርስም።"

አባባ እማዬን ሳያያት "እንግዲህ አንቺ ትቀሪያለሽ" አላት።

ኅዳር 11

ቁርስ ላይ አባባ "ጨው አቀብለኝ" አለኝ። ሌላ ምንም።

ኅዳር 14

እማዬ የታጠበ ልብስ ይዛ ክፍሌ መጣች። የእሱን ሹራብ አሁንም ከእኛ ልብስ ጋር ታጥባለች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እያጣጠፈች፦

"ከእሱ ጋር ስትጣሉ መልስ ይሰጥህ ነበር፣ አይደል?"

"አዎ።"

"አሁን መልስ አይሰጥም ብለህ ነው?"

አልጮኸችም። ሹራቡን አጣጥፋ ይዛ ወጣች። መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ አልኩ። አልተሰነጠቀችም። የቤት ሥራዬን ሠራሁ። አንዱም መልስ ልክ አልመጣ።

ኅዳር 16

ጠዋት ጋሽ ብሎን በአጥር ላይ ጠራኝ። ልደበቅ ስል አይቶኛል።

"ና እስቲ አንተ ጎረምሳ! ዛሬስ ምን ልትገለብጥ ነው?"

"ጋሼ... ያን ቀን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ወንድሜ አይደለም።"

"አውቃለሁ አልኩህ እኮ! ወንድምህ ብሎን እንዲህ አያጠብቅም። ያንን ስፈታ ወገቤ ሊቀጭ ነበር።" ሳቀ። ከዚያ ተወውና፦ "ቪዲዮውን ተው። ሞተሩን አስነሳና ቱቦዎቹን ዳስስ። ሙቀቱ የት እንደሚሄድ እጅህ ይነግርሃል። እንዳትቃጠል ብቻ። ለእናትህ ሌላ ጣጣ እንዳታመጣባት።"

ስልኬን ቤት ትቼ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ዳሰስኩ። ከሞተሩ የሚወጣው ቱቦ ቶሎ ሞቀ። ዳሽቦርዱ ጋ የሚገባው ግን ለብ ብሎ ቀረ። መሀል ላይ ሙቀቱን ማን ወሰደው?

አበራሁ። ቱቦው መሀል ላይ ለሁለት ይከፈላል። ቀጭኑ ወደ ዳሽቦርዱ። ወፍራሙ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ። ከፋብሪካ የመጣ አይደለም፤ የታሰረው ወንድሜ ለሁሉም ነገር በሚጠቀምባቸው ቢጫ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች ነው። ብስክሌቴም፣ የቦርሳዬ ማንገቻም የታሰሩት በእነሱ ነው። ጭቃው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ቱቦውን ተከተልኩት። ወለሉን በስቶ ይገባል። የት ላይ?

አልጋዬ ሥር።

ገብቼ ፍራሹን አነሳሁ። ሳንቃውን አነሳሁ። ከሌላ መኪና የወለቀች ትንሽ ራዲያተር። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ማራገቢያ። ቀይ እጀታ ያለው መዝጊያ፣ እስከ ጥግ የተከፈተ። እጄን አስጠጋሁ... ይፋጃል። ጋቢናው ገና በረዶ ነው።

አምና ነው። መንገዱን ሁሉ "እግሬ ቀዘቀዘ፣ እግሬ ቀዘቀዘ" እያልኩ ሳለቃቅስ። "ዝም በል አንተ ነጭናጫ!" ሲለኝ። ከዚያ አንድ ቀን "ና ባትሪ ያዝልኝ" አለኝ። ይሄንን ነበር የሚሠራው። እኔ ጣሪያውን ሳበራለት፣ ይሄንን!

ከዚያ በኋላ እግሬ እንደሞቀ ትዝ ይለኛል። አዲሱ ብርድ ልብስ ነው ብዬ እማዬን አመሰገንኳት። እሱ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ምንም አላለም። እሱ እኮ ጋቢና ነበር የሚቀመጠው። ጃኬትና ጓንት አድርጎ። "አሮጊቷ" እያልኩ ስቄበታለሁ።

አበላሸ ያልኩት ይሄንን ነው።

ሳንቃው ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ እህቴ መጣች። መጀመሪያ እጇን ወደ ራዲያተሯ አስጠጋች። ከዚያ፦

"አልኩህ አይደል?"

ኅዳር 17

ቀዩን እጀታ ዘጋሁት። ሰፈሩን ዞረን ሳንጨርስ ጋቢናው ሞቀ። አባባ ካልሲውን ኪሱ ከተተ።

"ምን አደረግህ?"

ወስጄ አሳየሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ስልኩን፣ ባትሪውን፣ ብርድ ልብሱን፣ አውቃለሁ ያልኩትን። አባባ ተንበርክኮ ቢጫዎቹን ማሰሪያዎች አንድ በአንድ ነካቸው።

"እኔን 'ታገስ አባባ፣ ትሞቃለች' ብቻ ነበር የሚለኝ" አለ። "ሌባ!" ፈገግ ሊል ነበር፣ ፊቱ እምቢ አለው።

"እንንቀለው?"

"እጅህን ነው የምነቅለው።"

ለእማዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። አባባ አልገባም፣ በር ላይ ቀረ። ይቅርታ አልኳት። ጭንቅላቴን ወደ ደረቷ ሳበችው።

"ይቅርታው የእኔ አይደለም" አለችኝ።

ኅዳር 24

የምጽፈው የእማዬ ዘመዶች ቤት ወለል ላይ ተጋድሜ ነው። እህቴ አጠገቤ ታንኮራፋለች።

ጠዋት እማዬ ጋቢና ተቀመጠች፣ እግሯን ዘርግታ፣ ሙቀቱ ጉልበቷ ላይ እየነፈሰ። የእሱ ወንበር ላይ። እኔ ከኋላ አልጋዬ ላይ፣ መዝጊያው ተዘግቶ። እግሬ ቀዘቀዘ። አልተናገርኩም።

"ትንሼ፣ አልጋህ ዛሬ አይሞቅም" አለች እህቴ።

"አውቃለሁ። እማዬ ትሙቅ ብለን ነው።"

እግሮቿን ሹራቤ ውስጥ አስገባሁላት። ሆዴ ላይ ሁለት በረዶ። እየሳቀች ጭራሽ ገፋ ገፋ አደረገቻቸው። ተራራው አናት ላይ ስንደርስ እማዬ ከፊት "እኔን በቅቶኛል፤ አሁን ለልጆቹ ክፈቱላቸው" አለች። ሳንቃውን አንስቼ ቀዩን እጀታ ግማሽ ድረስ ብቻ አዞርኩት። ቆይቼ ጠየቅኳት፤ ፊትም አልቀዘቀዘም። ለካ ግማሹ ለሁሉም ይደርሳል።

ሐውልቱ ግራጫ ነው። ስሙ በደንብ ተጽፏል። እማዬ ቆማ ቆየች፣ ጉልበቷ ሳይከዳት። ሁሉም የሚለውን ብሎ ዞር ሲል እኔ ቀረሁ። ሳምንቱን ሙሉ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር። ረጅም ነበር፤ ቴርሞስታቱም፣ ያን ቀን ያልኩትም፣ "አሮጊቷ"ም ነበረበት። ስቆም አንዱም አልመጣልኝም።

"እግሬ ሞቋል" አልኩት።