ጄኔራሉ ድምፅ ሲለምን

ቲብያዋን፣ ሜይ 20፣ 1998

ዓይንሽን ለማየት ለምናፍቅሽ ልጄ ሶሌዳድ፣

እንዴት ነሽ? ብሪስቤን ብርዱ ገባ ወይ? ወፍራም ነገር ልበሺ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ብቻ አይደለንም፣ ቤታችን ሠርግ ቤት ሆኗል። አባትሽ ተመረጠ! የግዛታችን አገረ ገዥ ሆነ። እንኳን ደስ ያላችሁ ከሚለው ሰው ብዛት፣ እጄን ሲጨብጡኝ ክንዴ ዛለ።

ባለፈው ምርጫ እንዴት እንደወደቀ መቼም ሰምተሻል። አደባባይ የወጣውን ሕዝብ እንደ ጦር ገመገመና አጭር ንግግር አድርጎ፣ በመጨረሻ «ተበተኑ!» ብሎ ከመድረክ ወረደ። ሕዝቡም ተበተነ፤ በዚያው ቀረ። ምን ይደረግ? ጢም ሳያበቅል ውትድርና ገብቶ፣ ጫካ ለጫካ ሲዋጋ ጄኔራል የሆነ ሰው መለመንን ከየት ይማር?

ዘንድሮ ያስተማረችው ዓሣ ሻጯ እትዬ ኮሪንግ ናት። ገበያ ገብቶ ሻጮቹን በየተራ ሰላም ሲል፣ እሷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣

«ጄኔራል፣ ምነው ሬሳ የሚቆጥሩ መሰሉ? እዚህ የሞቱት ዓሣዎቹ ብቻ ናቸው!» አለችው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ይዝፈኑልና! በዚህ አገር ሳይዘፍን የተመረጠ ማን አለ?»

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባትሽ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ አንቺን በሕፃንነትሽ የሚያስተኛበትን እሽሩሩ ጀመረ። አዎ፣ እሱን። «ይሄ ቤት ነው ወይስ የጦር ካምፕ?» ብለሽው ከሄድሽ ወዲህ ከአፉ ያልወጣውን። ድምፁ ያው የዛገ በር ነው። መሃል ላይ ግጥሙ ጠፋበት። እትዬ ኮሪንግ ተቀበለችው፣ ከዚያ ሽንኩርት ሻጮቹ፣ ከዚያ ገበያው በሙሉ። ሳቅ በሳቅ ሆነ! አባትሽ ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ እንጃ፣ እኔ ሳቅ ነው ብያለሁ። ከዚያ ወዲህ በሄደበት መንደር ሁሉ «ጄኔራል፣ እሽሩሩዋን!» እያሉ ንግግር አላስጨርስ አሉት።

የቆጠራው ቀን ግን የተራራዎቹ መንደሮች የድምፅ ሣጥኖች በመንገድ ዘገዩ። ተቀናቃኞቻችን ሞንቴክላሮዎች የአገረ ገዥነቱን ወንበር ከአባት ለልጅ ሲያወራርሱት ኖረዋልና ሰዉ ሁሉ ድምፁ ሊሰረቅ ነው እያለ በጥርጣሬ ይንሾካሾክ ጀመር። እኛ ምሳ ላይ እንዳለን የአባትሽ የድሮ ምክትል፣ ኮሎኔል አባዲያኖ፣ ከተፍ አለ።

«ጌታዬ፣ አንድ ቃል ብቻ ይበሉኝ። ልጆቹ ዝግጁ ናቸው። ሣጥኖቹን አምጥተን አዳራሹን እንከበዋለን» አለ።

 ልጄ፣ አባትሽን ታውቂዋለሽ። ድሮ ቢሆን ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ መኪናው ይነሣ ነበር።

«ያቺን ቃል ከዩኒፎርሜ ጋር ቆልፌባታለሁ» አለ አባትሽ። «መሸነፍ ካለ እሸነፋለሁ። ይልቅ ቁጭ በልና ብላ። ፔታ፣ ሩዝ አቅርቢለት» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

ረጋ ብሎ ነው የተናገረው።

ኮሎኔሉ በልቶ ሳይጨርስ ከውጭ ጩኸት ሰማን። ለካ ሣጥኖቹን የጫነው መኪና ጭቃ ውጦት ኖሯል! እትዬ ኮሪንግና ጓደኞቿ በዓሣ መኪና ወጥተው፣ አስመራጭ መምህራኑን፣ የሁለቱንም ወገን ታዛቢዎችና ሣጥኖቹን ጭነው እየዘፈኑ ገቡ። የሞንቴክላሮ ታዛቢ ሳይቀር ያጨበጭባል። የድምፅ ወረቀቱ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ተቆጠረ። አሸነፍን! ኮሎኔሉ አባትሽን እንደ ሕፃን አቅፎ አነሣው።

ቃለ መሐላው ጁን 30 ነው። ሲምል መጽሐፍ ቅዱሱን ይዛለት የምትቆመው፣ በወጉ ሚስት ናት። ትናንት ቁርስ ላይ ግን፣

«ፔታ፣ አንቺ ጉልበትሽን ያምሻል። ያን ሁሉ ሰዓት መቆም አትችዪም። ወጣት ሰው ይሻላል» አለኝ።

«ማንን አሰብክ?»

ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። «እንጃ። መምጣት የሚችል ሰው» አለ።

ልጄ፣ እኔ ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም።

እመቤታችን ከክፉ ትሸፍንሽ፤ መንገድሽንም ታቅናልሽ።

እናትሽ
ፐርፔቱዋ