በሄልሜቱ የሰማሁት ድምፅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

ማርታ ልጄ፣ የምልሽን እንዳለ ጻፊ።

ዛሬ ከወንድሞችሽ ጋር በሁለት ሞተር ወደ ሞርሲቶ ከተማ ስንሄድ፣ ጴጥሮስ ያን ያለ ገመድ የሚያነጋግረውን ሄልሜት ለእኔ አድርጎልኝ ከኋላው አፈናጠጠኝ። መሰሉን ያደረገው ማርቆስ በሌላው ሞተር ከፊት እየነዳ በጆሮዬ ያወራኛል። "አባባ፣ አይጩሁ፤ ሹክ ቢሉም እሰማለሁ!" ብሎ ሳቀብኝ።

ኩርባው ላይ ከዓይናችን ተሰወረ። ወዲያው የዱላ ድምፅ ጆሮዬን ሞላው። ልጄ ሲጮህ፣ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። "መሬቱን አትለቅም?" አለ አንዱ። የውርስ መሬታችንን ይገባናል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ያን ድምፅ ግን አውቀዋለሁ። አጉርሼ ያሳደግኩት የሟች ወንድሜ ልጅ ነው።

ስንደርስ ሸሽተዋል። ማርቆስ ክንዱ ተሰብሮ፣ ጥርሱ ረግፎ፣ በደም ተነክሯል። ፊታቸውን ሸፍነው ስለነበር፣ በዱላው መሃል ድምፃቸውንም ስላልለየ አላወቃቸውም።

አሁን እሱ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ጴጥሮስ ጓሮ ገጀራ ይስላል። "አባባ፣ ሰምተዋል፤ ማን እንደሆነ ይንገሩኝ" ይለኛል። "የሰማሁት ነፋስ ነው" አልኩት። በዕድሜዬ ዋሽቼ አላውቅም፤ ዛሬ ዋሸሁ።

ይህንንም ጻፊ። ለጴጥሮስ ግን እንዳታነቢለት። ነገ በማለዳ ዱላዬን ይዤ የወንድሜ ልጅ ደጅ እሄዳለሁ። ልምከረው ወይስ ልስበረው፣ እዚያ ስደርስ አውቃለሁ።