ገጨኝ ወይስ ገጨችኝ?

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? የአክስታችን ቤት ተስማማሽ? ምግብ ትበያለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኔ ከቀኝ እግሬ በቀር ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ይቆረጥማታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው።

ስልክሽ አልነሣ ቢለኝ ወደ ወረቀት ዞርኩ። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፤ ከጨርቅ ጠመኔ ሌላ ጨብጦ የማያውቅ እጅ ነው፣ ያልተነበበልሽን ዝለዪው። ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ የአውቶቡስ ሾፌር የአንዷ ደንበኛዬ ባል ነው። ወሬኛ ስለሆነ ፖስታውን ዙሪያውን በመርፌ ሰፍቼዋለሁ። ክሩን በጥርስሽ አትበጥሺው፣ መቀስ ፈልጊ።

አንቺ ከሄድሽ፣ እኔም አልጋ ላይ ከዋልኩ ሦስት ሳምንት ሆነን። አክስታችን ነግራሽ ይሆናል፤ ቢሆንም ከእኔው ስሚው። የተማሪ ዩኒፎርም ትእዛዝ ተከምሮብኝ ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ሱቅ ስሄድ፣ ከፋርማሲው ጥግ አስፋልቱን እያቋረጥኩ ሳለ መኪና ገጨኝ። ጭጋግ ነበር። ቆርጬ የያዝኳቸው እጅጌዎች በየቦታው ተበተኑ፤ ሞኝነቴን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ያሳሰበኝ የእነሱ መቆሸሽ ነው። ከዚያ መኪናው ቆመ። በር ተከፈተ፣ የእግር ኮቴ ወደ እኔ መጣ፣ የሆነ ሰው አለቀሰ። ከዚያ በሩ ተዘጋና ሄደ። ያነሡኝ ሰዎች «የሰማሽው የራስሽን ለቅሶ ነው» ይሉኛል። ይሆናል። የትኩስ ዳቦ ሽታም ሸቶኝ ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ዳቦ ይሸታል፣ ዳቦ በመኪና የምታከፋፍዪ አንቺ ታውቂያለሽ። ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰዎቹ ሲደርሱ የእጅጌዎቹ ከረጢት ተጣጥፎ ከጭንቅላቴ ሥር ተቀምጦ ነበር። የተገጨ ሰው ከረጢት አጣጥፎ ይንተራሳል? ይኸው እስከ ዛሬ ግራ ገብቶኛል።

ቅልጥሜ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሐኪሙ አጥንቱ ጠሞ መግጠም ጀምሯል፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ብረት ካልገባለት እንደገና መስበር ሊኖርብን ነው አለኝ። የሲንጀር ስፌት መኪናዬን ፔዳል የምረግጥበት እግር መሆኑን ስነግረው፣ ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ ብሎ ተቆጣኝ። እኔ መቼ ጠበቅሁ? ሆስፒታሉ ነው ሕክምናውን ማን እንደሚሸፍን የሚገልጽ ወረቀት አምጪ ያለኝ። ወረቀቱ ደግሞ ያለው ሕግ ውስጥ ነው። ወይ ሕግ! ስሜን እንኳ ቀይሮብኛል፤ በየወረቀቱ ላይ «የግል ተበዳይ» ሆኛለሁ። ልብስ ሰፊ የሚል የትም የለም።

ያስረዱኝ ብዬ ጋሽ አንቀጽን አስጠራኋቸው። መቼም ጎረቤታችንን አትረሻቸውም፤ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንኳ ሰላምታቸው ቁጥር አለው። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሦስት ጊዜ ደጋገሙልኝ፤ እኔም እንዳይጠፋኝ የልብስ መቁረጫ ወረቀት ላይ ሣልኩት። ሾፌሩ ከታወቀ ዐቃቤ ሕግ በወንጀል ይከሰዋል፤ መግጨቱ አንድ ጥፋት፣ ጥሎ መሄዱ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። እኔ በበኩሌ በሾፌሩና በመኪናው ባለቤት ላይ በፍትሐ ብሔር ካሳ መጠየቅ እችላለሁ፤ መኪናው መድን ካለው ሕክምናው ከዚያ ይወጣል። የገጨው ጨርሶ ካልታወቀስ? ያኔ ገጭቶ ላመለጠና ላልተገኘ መኪና ተጎጂዎች የተቀመጠ ፈንድ አለ። ቶሎ ያልቃል፣ ጣጣ የለውም፣ ሆስፒታሉም ይቀበለዋል። ለዚያ ግን «ማን እንደገጨኝ አላውቅም» ብዬ ቃሌን ሰጥቼ መፈረም አለብኝ።

እያወቀ አላውቅም ያለ ሰውስ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸው። በሐሰት ቃል ተከሳሽ ይሆናል አሉኝ። እግሬ የተሰበረው እኔ፣ ተከሳሽም እኔ! ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ሾፌሩ ራሱ ቢመጣስ ብዬ ደግሞ ጠየቅሁ። እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩና፣ በገዛ እግሩ የመጣና ተፈልጎ የተያዘ ዳኛ ፊት እኩል አይታዩም፣ ጥፋቱ ባይፋቅም ቅጣቱ ይቀላል፣ መድኑም ሥራውን ይሠራል፣ «አንቺም በውሸት አትፈርሚም» አሉኝ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ታናሽሽ እንዴት ናት፣ ደህና ገባች ወይ ብለው ስለ አንቺ ጠየቁኝ። ደህና ናት አልኳቸው። ደህና ነሽ አይደል?

እማዬን ደግሞ ታውቂያታለሽ። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ እርግማን ትጀምር ነበር። መሪ የያዘው እጁ ይድረቅ፣ እንደ ልጄ እግር እግሩ ይሰበር፣ እንቅልፍ አይውሰደው። ተይ እማዬ ብላትም አትሰማኝም ነበር። የሚገርመው ሁሉም በወንድ ነው፣ እጁ፣ እግሩ፣ አይውሰደው። እርግማኑ አድራሻ ስቶ መንገድ ላይ የሚቀር ይመስለኝና ቀለል ይለኝ ነበር። ለምን ይቀለኝ እንደነበር አትጠይቂኝ፣ እኔም አላውቀውም።

ባለፈው ማክሰኞ የትራፊክ መርማሪው ቃሌን ሊቀበል ቤት ድረስ መጣ። ልጅ እግር፣ ትሑት፣ ጽሕፈቱ ከእኔ የባሰ። እማዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ከአሮጌ ሸሚዝ ቁልፍ ትፈታ ነበር። ከየት ወዴት ይሄዱ ነበር አለኝ፣ መለስኩ። መንገዱ እንዴት ነበር አለኝ፣ መለስኩ። ከዚያስ ሲለኝ፣ ከዚያማ ገጨችኝና ሄደች አልኩት።

እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሣ። ገጨኝ ነው ወይስ ገጨችኝ አለኝ። መኪናዋን ማለቴ ነው አልኩት። አባታችን መካኒክ እንደነበረ፣ ጋራዥ የገባውን መኪና ሁሉ «እሷ» እንደሚል፣ ሲኖትራኩን ሳይቀር «ዛሬ አኩርፋለች» ይል እንደነበር፣ ከቤታችን የወጣ ሁሉ መኪና በሴት እንደሚጠራ ለፈለፍኩለት። እሱም አዎ አንዳንድ ሰው እንደዚያ ይላል ብሎ «መኪናው» ብሎ ጻፈ። ቀና ስል እማዬ እያየችኝ ነው። ቁልፉ ከእጇ ወድቆ ወለሉ ላይ ሲንከባለል እንኳ አላነሣችውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬ መራገም ትታለች። ጠዋት ተነሥታ ፊቷን ትታጠባለች። ትናንት የአንቺን አንሶላ አጥባ አሰጣችው፣ ትራስሽንም ፀሐይ ላይ አወጣችው። ሰው ሊመጣ ነው እንዴ ብላት፣ አቧራ ጠጥቶ ነው ብላኝ ፊቷን አዞረች።

እኔን የምትጠይቂኝ ከሆነ ተናድጃለሁ። በጣም ተናድጃለሁ። ጣራ ጣራ እያየሁ ስውል እንባዬ ይመጣል፣ ለእግሬ ይሁን ለሌላ ነገር አይታወቀኝም። ለአንዷ ሙሽራ የሰፋሁትን ቀሚስ በካውያ ያቃጠልሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ስምንት ዓመትሽ ነበር። መቁረጫ ጠረጴዛው ሥር ገብተሽ እስከ ማታ አልወጣሽም። እግርሽ ከጨርቁ ሥር ብቅ ብሎ ይታየኝ ነበር። ጎትቼ ላወጣሽ እችል ነበር፤ ግን አላወጣሁሽም፣ ስፌቴን እየሰፋሁ ጠበቅሁሽ። ስትወጪ «እቴቴ፣ እኔ ነኝ» አልሽኝ። መታሁሽ፣ ከዚያ አቅፌሽ አብረን አለቀስን። ያን ቀን ቀሚሱ ሳይሆን ያቺ ቃልሽ ነች የቀረችልኝ።

አሁን ቅጹ አጠገቤ አለ። ሁለት ሳጥን አለው፤ «የታወቀ»፣ «ያልታወቀ»። እርሳስ ይዤ ሁለቱንም ሳያቸው እውላለሁ። ያልታወቀ ላይ ላሰምር ስል እጄ እምቢ ይለኛል፤ የታወቀ ላይ ላሰምር ስል ደግሞ ልቤ። እንደዚህ ግራ ገብቶኝ አያውቅም። መርማሪውን እስከ ዓርብ ስጠኝ አልኩት፣ ሰጠኝ። ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ቢሮው እቀርባለሁ። ጋሽ አንቀጽ «አብሬሽ እሄዳለሁ» ብለዋል፤ እሳቸው ግን ራሳቸው በከዘራ ናቸው፣ እኔም በክራንች፣ ተያይዘን ደረጃው ላይ ብንወድቅ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ሊፈልጉልን ነው። ደህና አድርጎ የሚደግፈኝ ሰው እፈልጋለሁ።

አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ሌሊትሽን እንቅልፍ፣ ቀንሽን ሰላም ያድርግልሽ። እንዲህ እያልኩ ስጽፍ እማዬ ከበስተኋላዬ ቆማ አሜን እያለች ነው፤ ማንበብ ባትችልም ለማን እንደምጽፍ ገብቷታል።

ሐሙስ ማታ በሩን አንቀረቅረውም። መኪና ይዘሽ እንዳትመጪ። በገዛ እግርሽ ነይ።

ታላቅ እህትሽ፣
እቴቴ