የእኔ ያልሆነው ኤ

ለምወድሽ እህቴ ለማስረሻ፣

እንደምን ከረማችሁ? ወገብሽ ተሻለው ወይ? አባባስ ሳሉ ተዋቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሰፈሬ ጉዴሌ በዚህ ክረምት ጭቃ በጭቃ ከመሆኑ በቀር የማማርረው የለኝም።

የጻፍኩልሽ በስልክ በትምህርቴ ኤ አመጣሁ ያልኩሽን ላስተካክል ነው። ሁለት ጊዜ ልነግርሽ ደውዬ ወኔ ከዳኝ።

በምሠራበት ሆቴል ያለችን አንዲት ኮምፒውተር ናት። አንድ ዓይነት ትምህርት በርቀት የምንማረው እኔና ኛል ነን። ኛል ጋምቤላ ስደተኞች ጣቢያ ያደገች፣ እዚህ እንግዳ የምትቀበል ልጅ ናት። የዩኒቨርሲቲያችን የኢንተርኔት መግቢያ ለገጾቹ ሁሉ አንድ ነው። የይለፍ ቃልሽን አንዴ ካስገባሽ ብሮውዘሩ ላይ ኩኪ የሚሉትን ትንሽ ማስታወሻ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱንም ፈተናውንም ብትከፍቺ ማን ነሽ አይልሽም። የሐኪም ቤት ካርድ በይው፤ አንዴ ካወጣሽ በየክፍሉ አዲስ አትመዘገቢም።

እኔ ከቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ስወጣ ጨርሼ የወጣሁ መሰለኝ። ከዋናው መግቢያ ግን አልወጣሁም፤ ካርዴን ወንበር ላይ ትቼ እንደመሄድ ነው። ኛል ቀጥላ ተቀመጠች። የይለፍ ቃል ሳይጠይቃት ሲከፍትላት ጠዋት የገባችበት የቀጠለ መስሏታል። ጄኔሬተሩ ሊጠፋ ስለነበር ተጣድፋ የመጨረሻ ጽሑፏን አስገባች፤ ጥግ ላይ ያለውን ስም አላየችውም። አራሚ እንዳያዳላ ጽሑፉ ላይ ስም ስለማይጻፍ በእኔ ስም ተመዘገበ።

አመሻሽ ላይ፣ ቀኑ ሊያልቅ ስለነበር፣ የእኔን የደረስኩበትን ያህል ላስገባ ስል አስገብተሃል አለኝ። ከፍቼ ሳየው የኛል ነው። ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ፤ የእኔ ጽሑፍ ግን ገና ግማሽ ነበር፣ የእሷው እንዳለ ይቅር ብዬ ገጹን ዘጋሁት። ኤ መጣ። ለኛል አላስገባሽም፣ ዓመቱን ድገሚ የሚል ደብዳቤ ደረሳት። ኔትወርኩ በላብኝ እያለች ስታለቅስ ሻይ አቀረብኩላት። አፈርኩ፣ እህቴ። ሻይ ነው ያቀረብኩላት!

ባለፈው ሳምንት እውነቱን ነገርኳት። በዚህ አገር አረብኛ ማሌሽ፣ ግድ የለም ብላኝ ተነሳች፤ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አታናግረኝም። ረቂቋን አያይዤ ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩ። አመሳክረው ኤውን ለእሷ መለሱላት። ዓመቱን የምደግመው እኔ ነኝ።

ናቲንና ሀኒን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ቢራራን ሰላም በይልኝ። አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝና ይህን ራስሽ አንብቢላቸው። ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ ዘንድሮ ይመረቃል እንዳሉ ሰምቻለሁ። እሳቸው ለማንም ምንም እንዳይሉ፤ ስመጣ ቤት ለቤት ዞሬ እኔው እነግራለሁ።

ወንድምሽ ምንያህል
ጁባ፣ ጉዴሌ
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.