የጠፋችውን ወይዘሪት እርስዎን ስለማፈላለግ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከሦስተኛው ምዕራፍ ወዲህ ድምጿ ያልተሰማ ሰው ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በሥራ ብዛት የደከመው ዓይንዎ፣ የተመልካች አስተያየት እንዳይገባበት በጥንቃቄ የተጠበቀው ጆሮዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሦስተኛውን ምዕራፍ ጽሑፍ ያጸደቁበት ቀኝ እጅዎ ደህና ናቸው? እኔና ደንበኞቼ እርስዎ ያደረሱብን ነገር ሳይቆጠር ደህና ነን።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሁለት ወንበር፣ ሁለት መስታወትና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ቴሌቪዥን ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ። አንደኛው ወንበር የእኔ ነው። ሁለተኛው የታናሽ እህቴ ነበር። "ነበር" ያልኩበትን ምክንያት ወደ ታች እነግርዎታለሁ፤ ለጊዜው ግን የእርስዎም እጅ እንዳለበት ይወቁልኝ።

"ከዳቦ ቤቱ በላይ" የተባለው ድራማዎ ከተጀመረ ወዲህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በእኛ ቤት ፀጉር የሚሠራው ለይስሙላ ነው። ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ያለውን ቤት ተከራይተው አብረው የሚኖሩ አራት ወጣቶች ሥራ ሲፈልጉ፣ ሲዋደዱ፣ ሲኳረፉና በችግራቸው ሲስቁ ለማየት፣ ፀጉሯ ደርቆ ያለቀላት ሴት ሁሉ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር እንደተቀመጠች ትቀራለች። ጡረታ የወጡት ደንበኛዬ የሂሳብ አስተማሪዋማ ድራማው እስኪያልቅ ድረስ ካስኩ መጥፋቱንም አያውቁም። ቀጥሎ ተራዋን የምትጠብቀውም ብትሆን አትቆጣም፤ እሷም የመጣችው ለዚያው ነው።

ባለፈው ሰሞን በሬዲዮ ቀርበው "ገጸ ባሕርያቱ አድገዋል፤ ተመልካቹም አብሮ ማደግ አለበት" ሲሉ በአክብሮት አዳምጠናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ከዚያ በኋላ በየፀጉር ቤቱ የተባለውን እርስዎ አልሰሙ ይሆናል፤ እኔም እዚህ አልደግመውም። ስለ ማደግ ግን በሥራዬ ምክንያት ትንሽ ነገር አውቃለሁ። ፀጉር ያድጋል፤ የሚያድገው ግን ከነበረበት ሥር ነው። ማታ ጆሮ ላይ የነበረ ፀጉር ጠዋት ወገብ ላይ ከደረሰ እኛ ዘንድ ስሙ ዊግ ነው። ይህን ፀጉር ስንጠቃ ነው እንዳይሉኝ፤ እንጀራዬ እሱ ነው።

ስለዚህ ያሳደጉልንን ሰዎች በተራ ቁጥር እየጠራሁ ምስጋናዬን ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ቀጠሮ። በሁሉም ነገር ስለሚዘገይ እኛው "ቀጠሮ" ብለን ስም ያወጣንለት ልጅ፣ ለገዛ ልደቱ እንኳን ኬኩ ተበልቶ ሳህኑ ከታጠበ በኋላ ነበር የሚደርሰው። አሁን ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል። ይህ ሳያንሰው አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ ስለ ሰዓት አጠቃቀም ያሠለጥናል። መቼና እንዴት እንደተለወጠ አላሳዩንም። ምናልባት የተለወጠበት ክፍል ራሱ ዘግይቶ ይሆናል ብለን እስካሁን እየጠበቅን ነው።

2ኛ. ስለ ሐኪሙ። ደም ባየ ቁጥር ራሱን እየሳተ ሕክምና ከመማር ግን ወደ ኋላ ያላለ ልጅ ነበር። ለፈተና ሲሄድ እኛ በየወንበራችን ሆነን እንጸልይለት ነበር። በሦስተኛው ምዕራፍ ከአንድ ወንበዴ ትከሻ ላይ ጥይት በወጥ ቤት ቢላዋ ሲያወጣ አየነው፤ ያውም ፈገግ ብሎ። ደንበኛዬ ልብስ ሰፊዋ "እኔ እንኳን መርፌዬ ጣቴን ሲወጋኝ ከዚህ የበለጠ እደነግጣለሁ" አለች። እኛ ልጁን የወደድነው እየፈራ ስለሚሄድ ነበር፤ እርስዎ ፍርሃቱን ወስደው ቢላዋ ሰጡት። እግዜር ይስጥልን።

3ኛ. ስለ ጊታር ተጫዋቹ። በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ "ዳቦ ገዝቼ መጣሁ" ብሎ ወረደ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ የፈለገውም የለም። ዳቦ ቤቱ ያለው ከእግራቸው ሥር ነው። ተዋናዩ ከእናንተ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ነው የሚል ወሬ ሰምተናል፤ ይሁን፤ ሰው ሲሄድ ግን ቢያንስ ሄደ ይባላል።

4ኛ. ስለ ወይዘሪት እርስዎ። እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ የጻፍኩት ለዚህ ነውና።

ድራማው ያልገባው ዘመድ ካለዎት እንዲህ ብለው ያስረዱልኝ። ይህች ልጅ አብረዋት የሚኖሩትን እንደማንኛውም ጓደኛ "አንተ" እያለች ትጠራለች። የተናደደች ዕለት ግን "እርስዎ" ትላለች። ቀጠሮ የቤቱን ቁልፍ ጥሎት በዝናብ በር ላይ ሲያስቆማት አልጮኸችበትም፤ ውሃው ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ "ክቡር ሆይ፣ ቁልፉን የት እንዳስቀመጡት ቢያስታውሱ ደስታዬ ወሰን የለውም" አለችው። ልጁ ከስድብ የከፋ ነገር እንደደረሰበት ገብቶት በደረጃው ቁልቁል ሮጠ። ያሳደገቻት አክስቷ ነበረች እንዲህ ያስተማረቻት፤ "ስትናደጂ አክብሪ፤ ስድብ ንዴቱ ሲበርድ ያሳፍራል፤ አክብሮት ግን ንዴቱ ቢበርድም አያሳፍርም" ብላ። ይቅር ስትል ደግሞ ንግግር አታበዛም። ሻዩን ቀድታ "ና አንተ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ" ትላለች። በዚያች "አንተ" ፀጉር ቤት ሙሉ ሴት ስታለቅስ አይቻለሁ፤ እኔም ከነሱ መካከል ነበርኩ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉዳይ ልንገርዎ። እኔና ታናሼ በአንድ አልጋ ነው ያደግነው። ኩርፊያም አብሮን አድጓል። ቀን ሙሉ ጀርባና ጀርባ ሆነን ስንሠራ አንዷ ከሌላዋ ጋር ካልተጣላች ያመናል። ከእርስዎ ድራማ በፊት ኩርፊያችን ዝምታ ነበር። እሷ ለደንበኛዋ ትነግራታለች፣ ደንበኛዋ ለእኔ ትነግረኛለች፤ "እትዬ፣ ፎጣ አቀብዪኝ ትልሻለች" እየተባለ ሳምንት ይሞላል። ወይዘሪት እርስዎ ከመጣች በኋላ ግን መላ አገኘን። የተኳረፍን ዕለት እኔ "እመቤቴ፣ ፎጣውን ቢያቀብሉኝ" እላለሁ፤ እሷ በመስታወቱ አሻግራ እያየችኝ "ምን ገዶኝ፣ እርስዎ ብቻ ይዘዙ" ትላለች። ወይ እኔ ወይ እሷ እንስቃለን። በልጅነቷ ንፍጧን የጠረግኩላትን ልጅ "እርስዎ" እያልኩ አኩርፌ መቆየት አልቻልኩም፤ እሷም አልቻለችም። ሳንታረቅ የተዘጋ በር አልነበረንም።

በሦስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ወይዘሪት እርስዎ በቀይ መኪና መጣች። የመኪናውም ሆነ የጠባይዋ ምንጭ አልተነገረንም። ሐኪሙን በአደባባይ "ዝም በል አንተ" አለችው፤ ብርጭቆ ግድግዳ ላይ ወረወረች፤ ከዚያም ሻንጣዋን አንስታ "በቃኝ፤ ማንም እንዳይጠራኝ" ብላ ወደ ኋላ ሳታይ ወጣች። የሂሳብ አስተማሪዋ ከካስኩ ሥር ብቅ ብለው "ይህቺ ማን ናት?" ብለው ጠየቁ።  

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር መጣች። እናትየው "ጫፍ ጫፉን ብቻ" ብለውኝ ወደ ጉዳያቸው ሄዱ። ሙሽራዋ ደግሞ እህቴ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች "እስከ ጆሮዬ ቁረጪልኝ፤ የምታገባው እኔ ነኝ" አለቻት። እህቴ ቆረጠች፤ እውነት ለመናገር አምሮባት ነበር። እናትየው ተመልሰው መሬት ላይ የወደቀውን ፀጉር ሲያዩ የሆኑትን አይጠይቁኝ። እኔም እናትየውን ለማብረድ ብዬ፣ በደንበኛ ሁሉ ፊት፣ ስለ እህቴ እጅ አንድ ክፉ ቃል ተናገርኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሁለተኛው ሲሆን በየቀኑ እያየሁ ለደንበኛ እነግራለሁ፤ የመጀመሪያው ሲሆን የነገረኝ ግን አልነበረም።

ማምሻውን እንደ ልማዳችን ጨዋታውን ጀመርኩ። "እመቤቴ፣ ፎጣዎቹን ቢያጣጥፉልኝ" አልኳት። በመስታወቱ አየችኝ። ጠበቅኳት። "እርስዎ" አላለችም። መቀሷን ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና "በቃኝ፤ ማንም እንዳይጠራኝ" አለች። ቃል በቃል፣ ክቡር ሆይ፤ ደራሲዎቻችሁ እንደጻፉት። ወደ ኋላም ሳታይ ወጣች፤ ይህንንም እንደጻፋችሁት።

የሂሳብ አስተማሪዋ ነገሩን ሲሰሙ "ልጄ፣ ድራማ ሰው አያጣላም" ብለው ገሠጹኝ። እውነታቸውን ነው። ያጣላን የገዛ አፌ ነው፤ ይህን በእርስዎ ላይ አልለጥፍም። የሚያስታርቀንን ግን የወሰዱት እርስዎ ነዎት። ቃሉን ሰጥተውን ነበር፤ ለመድነው፤ ከዚያ ሳያማክሩን መልሰው ወሰዱት፤ በምትኩም በር የሚዘጋ ቃል ሰጡን።

አሁን ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነው። የእሷ ደንበኞች ተራ ቢረዝምባቸውም እዚያ ላይ አይቀመጡም። ጭራ ያለው ማበጠሪያዋ መስታወቷ ሥር እንደቆመ ነው። እህቴ ናፍቃኛለች፤ በአክብሮት ደብዳቤ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይጻፍ አውቃለሁ፤ ግን ናፍቃኛለች።

ስለሆነም ልመናዬ ትንሽ ናት። ቀጠሮ ቀድሞ ይምጣ፤ ሐኪሙ ጥይት ያውጣ፤ ጊታር ተጫዋቹም ዳቦው እስኪበስል ይጠብቅ። በአራተኛው ምዕራፍ ግን ያቺን ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ቤቷ ይመልሱልኝ። መኪናዋን የትም ታቁመው። ደረጃውን ወጥታ፣ ሻይ ቀድታ፣ "ና አንተ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ" ትበል። እህቴ የትም ትሁን የት ሐሙስን እንደማታሳልፍ አውቃለሁ። ከእኔ አፍ ባትሰማው ከእሷ ትሰማዋለች።

ውድ ጊዜዎን ስለ አንዲት ፀጉር ቤት በማባከኔ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ እኛን ለማሳደግ የሚያደርጉትን ድካም ፈጣሪ እንደ ሥራዎ ይክፈልልን እላለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጣቢያዎ የዘወትር ተመልካች፣ ባለችበት ማደግ ያቃታት አድናቂዎና የአንድ ባዶ ወንበር ጠባቂ፣
የሁለት ወንበሯ ፀጉር ቤት ባለቤት

ግልባጭ፦
ለቀጠሮ (ከእርስዎ ቀድሞ እንደሚደርሰው አንጠራጠርም)
ዳቦ ሊገዛ ለወረደው ጊታር ተጫዋች፣ ባለበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው ለደንበኞቼ አነበብኩላቸው። የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጯ "እትዬ፣ ይህን ያህል ምን አከበረሽው?" ብላ ተቆጣችኝ። ድራማውን የጀመረችው ከሦስተኛው ምዕራፍ ስለሆነ አልፈረድኩባትም።

ደግሞም ፋርማሲ የምትሠራ ደንበኛችን ከእህቴ መልእክት ይዛ መጣች። "ማበጠሪያዬን ቢልኩልኝ" ብላለች። "ላኪልኝ" አላለችም፤ "ቢልኩልኝ" ነው ያለችው። ድሮ ቢሆን ይህን ስሰማ ስቄ በሩጫ እሄድ ነበር። አሁን ግን ጨዋታውን ጀምራው ይሁን የምር ባዳ አድርጋኝ ይሁን መለየት አቃተኝ፤ ይህን ማወቅ ያቃተኝ በእርስዎ ምክንያት ነው። "ራስዎ መጥተው ቢወስዱት ደስታዬ ወሰን የለውም" ብዬ ልኬባታለሁ። ሻይ ጥጄ በሩን በሩን እያየሁ ነው።

ከመጣች "ነይ አንቺ" እላታለሁ። እርስዎን ግን "አንተ" የምልበት ቀን ገና ነው።